ካውያ፣ የኤሌክትሪክ፣ ብዛት አንድ

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ አምኃ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎ እንዴት ነው? ዝናብ ሲያንዣብብ የሚነሳብዎ የጉልበት ሕመም ዘንድሮስ ትንሽ ምሕረት አደረገልዎ? እትዬ አስቻለችስ ደኅና ናት? ከፋሲካ ወዲህ ድምፅዎን ሳልሰማ ይኸው ሰኔ ገባ። ጆሮዎ ስልክ እንቢ ካለ ጀምሮ እኔ እዚህ ስጮኽ ጎረቤት ምን ሆነች ብሎ ይመጣል፤ እርስዎ ደግሞ እዚያ አዎ፣ አዎ እያሉ ያልሰሙትን ሁሉ ያጸድቁልኛል። ልጅዎ ዳግምዬ ለሥራ መጥቶ እኔ ዘንድ መሰንበቱ ጠቀመኝ፤ ነገ ጠዋት ስለሚመለስ ይህን ደብዳቤ በእሱ እጅ ሰድጃለሁ። ከሥቶ ነበር የመጣው፤ ትንሽ አወፍሬ ነው የምመልስልዎ።

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እንዲህ ብዬ እንዳልዘጋው ግን ሁለት ወር ሙሉ አንድ ነገር ሲያብሰለስለኝ ከርሟል። ለእርስዎ ያልነገርኩትን ለማን እነግራለሁ ብዬ ነው ዛሬ ብዕር ያነሣሁት። ሲያነቡት ይቆጡኝ ይሆናል። ቢቆጡኝም እውነትዎን ነው።

በመጋቢት ስልሳ ዓመቴ ሞላና ጡረታ ወጣሁ። ሴት ልጅ ሽቦ ስትፈታታ ማን ያገባታል እያሉ አባባ ሲቆጡ እርስዎ ተከራክረው ሙያ ትምህርት ቤት ካስገቡኝ ወዲህ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ካዛንቺስ ባለው መሥሪያ ቤታችን የአዳራሽ ማይክሮፎንና የተበላሸ የስልክ ቀፎ ስጠግን ኖርኩ። እንግዲህ ሰው ከመሥሪያ ቤት ሲሰናበት ክሊራንስ የሚባል ወረቀት ይዞ በየክፍሉ ይዞራል። እያንዳንዱ ክፍል በዚች ሴት ላይ የምንፈልገው ንብረት የለም ብሎ ይፈርማል። አሥሩን ፊርማ በሁለት ቀን ጨረስኩ። አሥራ አንደኛው ንብረት ክፍል ነበር፤ እዚያ ላይ ተቀረቀርኩ።

ንብረት ክፍል ያለችው ሄኒ የምትባል ወጣት ናት። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ቆማ ነው የተቀበለችኝ። ዕቃ ከግምጃ ቤት ሲወጣ የሚፈረምበት ያ ሞዴል ሃያ ሁለት የሚባለው ቅጽ፣ የድሮው ሁሉ ተለቅሞ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። ስሜን ብትጽፍ ወጣ፦ ካውያ፣ የኤሌክትሪክ፣ ብዛት አንድ፣ 1981 ዓ.ም.፣ ተቀባይ አምሳለ፣ ሰጪ አስገዶም ገብረዋህድ። እኔም አውቄው ስለነበር ካውያዬን በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤ ሄጄ ነበርና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት።

ጋሼ፣ እኛ የጥገና ሰዎች ካውያ የምንለው ስስ የእርሳስ ሽቦ አቅልጠን ገመድ ከገመድ የምናጣብቅበትን፣ እንደ ብዕር በጣት የሚያዘውን ነው። የቀረው ዓለም ካውያ የሚለው ልብስ የሚተኩስበትን ነው። ሁለቱም ይሰካሉ፣ ሁለቱም ይግላሉ፣ ሁለቱም የኤሌክትሪክ ናቸው። ሄኒ ጋዜጣውን ፈትታ አየችና "እትዬ አምሳለ፣ ማለቴ፣ ይሄ እኮ ካውያ አይደለም። ሲስተሙ ላይ ካውያ ነው የሚለው፤ ፎቶም አለው" አለችኝ። ፎቶውን አዞረችልኝ። እንፋሎት የሚተፋ ሰማያዊ የልብስ ካውያ ነው። በ1981 እንዲህ ያለው አገራችን መግባቱንም እጠራጠራለሁ። ካውያዬን መልሳ ጠቀለለችና መዝገብ ላይ የሌለ ዕቃ መቀበል አልችልም ብላ ሰጠችኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለውን ያን ቀን በዓይኔ አየሁት።

በዚህ በካውያ ነገር ድሮ ስንት ስቀናል መሰለዎ። አንድ ጊዜ የመምሪያ ኃላፊያችን እንግዳ ሊቀበሉ ሲሉ ኮታቸው ተጨማዶ ተገኘ። የጽዳት ሠራተኛችንን ቡዜን ከአምሳለ ክፍል ካውያ አምጥተሽ ተኩሺልኝ አሏት። እኔ አልነበርኩም። ካውያ፣ አትንኩ ብዬ የጻፍኩበትን መሳቢያ ከፍታ ወሰደችና ሰካችው። ቡዜ ነገር የማትመረምር፣ የታዘዘችውን የምትፈጽም ሴት ናት፤ እጅጌው ላይ መስመር አወጣለሁ ስትል ቀዳዳ አወጣች። ኃላፊው ስብሰባውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ክንዳቸውን አጣጥፈው መሩት። እንግዶቹ ቁጡ ሰው ናቸው ብለው ሄዱ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ካውያውን ሳልነቅል መምጣቴ ትዝ አለኝ። ወደ ጥበቃው ወደ ኢብሳ ደወልኩና ሮጠህ ካውያ ንቀልልኝ አልኩት። ቢፈልግ ቢፈልግ የልብስ ካውያ ከየት ይምጣ። ሰኞ ስገባ ካውያው ጠረጴዛዬን ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ በስቶታል፤ የጥበቃ መዝገቡ ላይ ደግሞ ኢብሳ "ካውያ ተሰርቋል" ብሎ ጽፎ ፈርሟል። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ አስገዶም ያን መዝገብ ሲያነብ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚህ ወዲያ የብየዳ ካውያ ብዬ ለይቼ እጽፋለሁ አለ፤ ከዚያ በኋላ ለመጡትም ጻፈ። የእኔ አስቀድሞ የወጣ ስለሆነ እንደነበረ ቀረ።

ያኔ ያሳቀን ነገር ዘንድሮ መጥቶ ስሜን ያዘው። በኮሪደሩ ስሄድ "የካውያዋ ሴትዮ" ይሉኝ ጀመር። አንዳንዱ ሲቀልድ ነው፤ አንዳንዱ ግን ሲቀልድ አይደለም። ሴት ካውያ ወሰደች ሲባል ማን የጥገና ዕቃ ነው ብሎ ያስባል? ሠላሳ ስድስት ዓመት በመንግሥት ካውያ የባሏን ሸሚዝ ስትተኩስ ኖረች ነው የሚለው። ልጄ ፍሬሰላም "እማ፣ ሲምፕል ነው እኮ፤ ባምቢስ ሄደን አንድ ካውያ ገዝተን እንስጣቸው፣ በቃ" ትለኛለች። እኔ ግን እንዴት ብዬ? የልብስ ካውያ መልሼ ብፈርም፣ ወስጄ ነበር ብዬ በእጄ መጻፌ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት።

ኋላ ሄኒ ራሷ አዘነችልኝና አንድ መንገድ አለ አለች። ዕቃውን የሰጠው ሰው በሕይወት ካለ፣ የሰጠኋት የብየዳ ካውያ ነው ብሎ ቅጹ ላይ ይፈርም፤ እኔም መዝገቡን አስተካክላለሁ አለችኝ። ሰው ሁሉ ተገላገልሽ አለኝ። እኔ ግን ቅጹን ተቀብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ያ ሰው አስገዶም ነዋ።

አሁን የምነግርዎ ነው የከበደኝ። አስገዶምን ያውቁታል፤ ለዓይንዎ ሕክምና የመጡ ጊዜ እኔ ሥራ ላይ ስውል ክንድዎን ይዞ ሐኪም ቤት ያመላለሰዎ እሱ ነው። በጦርነቱ ጊዜ እናቱ ሽረ አረፉ። መንገዱም ስልኩም ተቋርጦ ስለነበር መርዶውን የሰማው ከአምስት ወር በኋላ፣ በሚያዝያ 2013 ነው። ካዛንቺስ ቤቱ ለቅሶ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ለእርስዎ ስጽፍ ለቅሶውን ደርሻለሁ ብያለሁ። ዋሽቼዎታለሁ፤ አልደረስኩም። ዳቦ ጋግሬ፣ ጥቁሬን ለብሼ፣ እስከ ቤቱ ማዶ ሄጃለሁ። በሩ አጠገብ ሁለት ሰዎች መኪና ተደግፈው ቆመው ነበር። የሚገባና የሚወጣውን ሰው የሚመዘግቡ መሰለኝ። ማን እንደነበሩ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት እንደኔው ለቀስተኞች ይሆናሉ። ጊዜው እንዴት እንደነበር ያውቃሉ፤ ሰው ጥላውን ይፈራ ነበር። ዞሬ ተመለስኩ። ዳቦውን ቆርሼ ለልጄ አበላሁ።

ሐዘኑን ጨርሶ ሥራ ሲገባ ዓይኑን ማየት አልቻልኩም። ነገ እሄዳለሁ ስል፣ ከነገ ወዲያ ስል፣ እሱም በዓመቱ ጡረታ ወጣ። ሠላሳ ዓመት አብሬው ምሳ የበላሁ ሰው ነው ጋሼ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ሄድኩ። የካዛንቺሱ ቤት ከሰፈሩ ጋር ፈርሷል። በዚያ ሳልፍ ያን ቀን ቆሜ የተመለስኩበትን ጥግ ፈለግሁት፤ ሰፊ አስፋልት ሆኗል፤ የቱ ጋ እንደነበር እንኳ መለየት አልቻልኩም። አስገዶም አሁን ሰንጋ ተራ ልጁ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው። ጥቁር ለበስኩ፣ ዳቦም ያዝኩ፣ ቅጹንም አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። አልዋሽዎትም፣ ሁለቱንም ይዤ ነው የሄድኩት። መጀመሪያ እግዜር ያጽናህ እላለሁ፣ ትንሽ ከተጨዋወትን በኋላ ወረቀቱን አወጣለሁ እያልኩ ታክሲ ውስጥ ቃሌን ሳሰናዳ ነበር።

በሩን የከፈተችልኝ ሚስቱ ሰገን ናት። ግቢ አለችኝ፤ አልሳመችኝም። አስገዶም ሸምግሏል፤ መነጽሩ ወፍሯል። ሲያየኝ አልተገረመም። ገና ሳልቀመጥ ከጠረጴዛው ላይ ብዕር አነሣና "አምሳለ፣ ዘንድሮ ጡረታሽ እንደሚደርስ አስቤ ነበር። አምጪው በይ፣ የቱ ጋ ነው የምፈርመው?" አለኝ። ሰገን በሩ ላይ እንደቆመች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ "አምስተኛዋ ናት" አለች። ከመሥሪያ ቤቱ አራት ሰው ቤታቸው መጥቷል፤ አራቱም ለፊርማ። እሱ ለአራቱም ፈርሞላቸዋል።

ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነበር። ጋሼ፣ ዕድሜዬን በሙሉ እንደዚያች ደቂቃ አፍሬ አላውቅም። "ወረቀት የለኝም፤ ለእናትህ ነው የመጣሁት" አልኩት።

ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። "ለእናቴ?" አለኝ። አዎ፣ እግዜር ያጽናህ፣ ሳልደርስህ ቀርቼ አልኩት። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ። እሱም መነጽሩን አወለቀ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ የአራት ዓመቱ ለቅሶ ያን ዕለት ወጣ። ስለ እናቱ ነገረኝ። እንዴት እንደሞቱ፣ ማን እንደቀበራቸው፣ መድኃኒታቸው አልቆ እንደነበር፣ መርዶውን ከማያውቀው ሰው በስልክ እንደሰማ ነገረኝ። እስከ ዛሬ ከሥራ ጓደኞቼ የጠየቀኝ የለም አለ። እኔም እስከ ማዶው መጥቼ መመለሴን አልደበቅኩትም። "ብዙ ሰው ፈርቷል" አለኝ። ይቅር ማለቱ ይሁን መታከቱ አልገባኝም። ሰገን ወደ ማምሻው ላይ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ዳቦውን ቆረሰችው፤ ግን አልበላችም።

ልወጣ ስነሣ አስገዶም ክሊራንስሽንስ ጨረስሽ ብሎ ጠየቀኝ። ጨርሻለሁ አልኩት። ቦርሳዬን አየት አደረገና ሊሸኘኝ ተነሣ።

ሰኞ ዕለት የራሴን የልብስ ካውያ፣ በገዛ ደመወዜ የገዛሁትን፣ ለሄኒ ወስጄ አስረከብኩ። ካውያ፣ የኤሌክትሪክ፣ ብዛት አንድ፣ ያገለገለ፣ ተመላሽ ብላ ጻፈች፤ ፈረምኩ። "አዩ እትዬ አምሳለ፣ በቃ፣ ቀላል ነበር እኮ" አለችኝ ደስ ብሏት። የጥገናው ካውያ እኔው ዘንድ ቀረ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የመንግሥት መርፌ ያልነካሁ ሴት፣ የመንግሥት ንብረት ቤቴ ይዤ የገባሁት ንጹሕ ነሽ የሚል ወረቀት በተሰጠኝ ቀን ነው። እስኪ ይሳቁብኝ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በየደብዳቤው አስገዶም ሰላም ብሎዎታል እያልኩ ስጽፍልዎ የኖርኩት ከራሴ እየፈጠርኩ ነበር። በር ድረስ ሲሸኘኝ ግን "አምኃ ዓይኑ እንዴት ሆነለት? ሰላም በይልኝ" ብሎኛል፤ ይኸኛው ከአፉ የወጣ ነው። እባክዎ በራስዎ እጅ ይጻፉለት፤ የሰንጋ ተራውን አድራሻ ለዳግም ሰጥቼዋለሁ። ስለ እናቱም ይጠይቁት። ስለ ካውያው ግን አንድ ቃል እንዳይጽፉለት፣ በእማማ አጥንት ለምኜዎታለሁ። ከሰማ በማግሥቱ ከዘራውን ይዞ መሥሪያ ቤት ይሄዳል፤ መዝገቡንም ያቃናልኛል፤ አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ እኔም ለፊርማ የመጣሁ እሆናለሁ። ሰዎቹ ካውያ ወሰደች ይበሉኝ፤ ያቺን አንዲት ለቅሶ ግን አይውሰዱብኝ።

እትዬ አስቻለችን ጉልበቷን ስሜ ሰላም ብያለሁ፤ የላከችው በርበሬ ደርሶኛል፣ እጇ ይባረክ። ለዳግም ሚስት ከነልጆቿ ሰላምታዬ ይድረስ። ትንሹ ናኦድ ፊደል መቁጠር ጀመረ ሲሉኝ ደስ ብሎኛል፤ ይህን ደብዳቤ ግን እንዲያነብልዎ አይስጡት። ፍሬሰላም አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። ስለ እኔ ለሚጠይቁ ጎረቤቶች ሁሉ አለች፣ ጡረታ ወጥታለች በሉልኝ።

እህትዎ አምሳለ
ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.