የሊዲ ኮምፒውተር

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ጥር 2000 ዓ.ም.

ውድ ማቲዎስ፣

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ተናድጃለሁ። እሁድ የጋብቻችን ማስታወቂያ በጉባኤ ፊት ሊነበብ ነው፤ እኔ እጮኛህ ግን በፋብሪካዋ ልጅ በሊዲ ቀንቼ እየተቃጠልኩ ነው። "ቅናት የሥጋ ሥራ ነው" ብለህ ጥቅስ እንዳታወጣብኝ፤ ጥቅሱን እኔም አውቀዋለሁ።

ያ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ኮምፒውተር ምን ሆኖ ነው በየሳምንቱ የሚታመመው? የጥገና ሱቃችን ስልክ ጮኸ ማለት፣ ደንበኛ ቆሞ እያየህ ቦርሳህን አንጠልጥለህ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ነህ። ያውም ፀጉርህን አበጥረህ! እኔ ጋ ስትሠራ አንድ ቀን ተበጥሮ ያውቃል?

ባለፈው ወር አንተ ኩታበር ፕሪንተር ልትጠግን ስትሄድ ስልኩን እኔ አነሳሁት። "ማቲ የለም? ኮምፒውተሩ ቀጥ አለብኝ" አለች ሊዲ። ማቲ! እናትህ እንኳ ማቲዎስ ነው የሚሉህ። ሱቁን ቆልፌ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ልጅቷ ጥሩ ናት፤ ያናደደኝም እሱ ነው። "እጮኛው ነኝ" ማለት አቅቶኝ "የሱቁ ሠራተኛ ነኝ" አልኳት። ኮምፒውተሩ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደጠፋ ብጠይቃት "ጠፍቶ አያውቅም" አለችኝ። እንዳይጠፋ የከለከሉት የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ሳዲቅ ናቸው።

"ወላሂ ልጄ፣ እኛ ዘንድ ማሽን ቆሞ ለተረኛ አይሰጥም። ዕድሜዬን ሽመና ላይ ነው የፈጀሁት፤ ማሽን ሲቆም ክር ይበጠሳል" አሉኝ።

ለካ ኮምፒውተሩንም እንደ ሽመና ማሽን እየሠራ ነው የሚረካከቡት! ያስተማርከኝን ነገርኳቸው፦ ፕሮግራሙ ከሜሞሪው ቦታ ይወስዳል፣ ሲጨርስ ግን አይመልስም፤ ሲጠራቀም ሲጠራቀም መላወሻ ያጣና ይቆማል። ሲጠፋ የያዘውን ሁሉ ይለቃል። አጥፍቼ አበራሁት፤ ሠራ።

"በቃ? ይኸው ነው?" አለች ሊዲ። "ማቲ እኮ 'እንዳትነኪው፣ ጥሪኝ' ነው ያለኝ።"

ለእኔ ገና በመጀመሪያው ቀን ነው ያስተማርከኝ! የኩታበሯን ደንበኛችንን ቡዜን እንኳ በስልክ "አጥፍተሽ አብሪው" ትላታለህ። ለእሷ ሲሆን ምነው ምላስህ ተያዘ? እንደምንም ጋሽ ሳዲቅን አሳመንኳቸው፤ ሊዲ በየማታው ለተረኛ ከማስረከቧ በፊት አጥፍታ እንድታበራው ተስማማን። ከእንግዲህ ኮምቦልቻ የሚያወርድህ ምክንያት የለም ብዬ ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። መሄዴን ሳትነግርህ አልቀረችም፤ አንተ ግን ትንፍሽ አላልክም።

ዛሬ ጠዋት "ገራዶ ሥራ አለኝ" ብለህ ወጣህ። ልቤ አላርፍ ሲለኝ ፋብሪካው ደወልኩ። ጋሽ ሳዲቅ አነሱት።

"ኮምፒውተሩ እንዴት ነው?"

"አልሐምዱሊላህ! ካንቺ ወዲህ አንድም ቀን አልቆመም።"

"ማቲዎስስ? መጥቶ ያውቃል?"

"እንዴ! ይኸው ከሊዲ ጋር ሻይ እየጠጣ አይደል? ልጥራልሽ?"

አይጥሩት አልኳቸው።

ማቲዎስ፣ እሁድ ፓስተሩ ስማችንን አንብበው "ይህን ጋብቻ የሚቃወም አለ?" ብለው ሲጠይቁ ወደ ኋላ ዞረህ ሰው አትፈልግ። እጇን የምታወጣው አጠገብህ የተቀመጠችው ናት።

እስከ እሁድ ድረስ እጮኛህ፣
ሩቲ