ለአንተ የመረጥኳት ጥይት

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 23። ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ በረዶውን ከእርሻው ላይ እያነሳ አስፋልቱ ላይ ይበትነዋል። በኤልሮይ የአደንና የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ውስጥ የነበርነው ሦስታችን ብቻ ነን፦ ኤልሮይ፣ ሚስቱ ቨርናና እኔ።

ውድ ትሬንት፣

ቀኑን፣ አየሩንና የነበሩትን ሰዎች አስቀድሜ የጻፍኩልህ በኋላ ሰው ሌላ ሌላ ነገር ቢነግርህ እውነቱን ከእኔ እንድታውቀው ብዬ ነው። ወደ ኤልሮይ የሄድኩት ሽጉጥ ልገዛ ነው። አንተን ፈርቼ።

ይህችን ቃል ጽፌ ሰረዝኳት፤ መልሼም ጻፍኳት።

በገና ሳምንት የመጣህ ዕለት የሆነውን ምን ያህል እንደምታስታውስ አላውቅም። የመኪናዬን ቁልፍ አልሰጥም ስልህ አንገቴን አንቀህ ከማቀዝቀዣው ጋር አጣበቅከኝ። ዓይንህን ሳየው አንተ እዚያ ውስጥ አልነበርክም፤ ያ የምታጨሰው መርዝ ብቻ ነበር። ስትወጣ በሩ ላይ ቆመህ፣ «ሌላ ጊዜ ግን አልለቅሽም» አልከኝ። እኔም ምልክቱን በሻርፕ ሸፍኜ ሥራዬን ስሠራ ከረምኩ። ለፖሊሱ ሹም ለሸሪፉ አልደወልኩም። እማማ ልትሞት ስትል እጄን ይዛ፣ «ልጄን ለእነሱ እንዳትሰጪብኝ» አለችኝ፤ እኔም እሺ ብያታለሁ። ከወህኒ የወጣኸው በአመክሮ ነው። አንድ ቃል ብተነፍስ የቀረህን ዓመት በሙሉ ተመልሰህ እዚያው ትጨርሰዋለህ።

ስለዚህ ሽጉጥ ይሻላል አልኩ። አየህ፣ ሰው ብቻውን ሲያስብ እንዲህ ነው የሚያስበው።

እኔ ትምህርቴን የተውኩት አንተ ተወልደህ እማማ የሌሊት ሥራ ስትገባ ነው። የማውቀው ነገር ሁሉ ክሊኒኩን ሳጸዳ ከሚጣሉ መጽሔቶች የለቀምኩት ነው፤ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ሩቅ ደሴቶች፣ ስለ አጋዘን አደን። ስለ ኪስ ሽጉጥም ያነበብኩት ከዚያው ነው። ጽሑፉ ግን ግማሹ ተቀዶ ስለነበር መልካምነታቸውን እንጂ ጉድለታቸውን ሳላውቅ ነው የሄድኩት።

ኤልሮይ ሲያየኝ፣ «ማርሊስ! ዓሣ ማጥመድ አማረሽ እንዴ በዚህ ብርድ?» አለኝ።

«አይ፣ ሽጉጥ ፈልጌ ነው። ኪስ የምትገባ።»

ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። እኛ አገር ለምን ተብሎ አይጠየቅም። መጀመሪያ አንዲት ባለ 22 ካሊበር አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ይቺ አትራገጥም። ክፋቷ አንዳንዴ ትከሽፋለች። ጣሳ ላይ ብትከሽፍብሽ ትስቂያለሽ፤ ሌላ ነገር ላይ ግን አያስቅም።»

ቨርና ከጓዳ በኩል ሾርባ እያማሰለች፣ «ይቺንማ ደቅና ብትቆም ድመቷም ከሶፋ አትወርድላትም» አለች።

«አንቺ ሾርባሽን ጠብቂ!»

«ሾርባው ካንተ ይሻላል። ቢያንስ ስናገር ዝም ብሎ ያዳምጣል።»

ሳቅኩ። ከገና ወዲህ የሳቅኩት ያኔ ነው።

ቀጥሎ ባለ 380 ሰጠኝ። ጥይቷ ጠንከር ያለ ነው፤ ብዙ ሰው የሚገዛውም እሷን ነው አለኝ። ላቀባብላት ብሞክር ጣቶቼ እምቢ አሉ። ክሎሪኑና ብርዱ ምን እንዳደረጋቸው ታውቃለህ። እንደገና ሳብኩ፤ ግማሽ መንገድ መጥታ አመለጠችኝ። አፈርኩ።

ቨርና ማማሰያዋን ይዛ መጣችና የራሷን እጅ ዘረጋችልኝ፤ አንጓዎቿ ሁሉ አብጠዋል። «ኤልሮይ፣ ሰውዬ፣ የእኔን ዓይነቷን አምጣላት እንጂ! ሴትዮዋን ስፖርት ልታሠራት ነው?»

ያቺኛዋ ባለ 32 ናት። ማቀባበል አያስፈልጋትም። በጎኗ ያለውን ቁልፍ ስትጫነው አፈሙዟ ከኋላ ብድግ ይላል፤ ጥይቷን በእጅህ አስገብተህ መልሰህ ትዘጋዋለህ፣ በቃ። እጄ ውስጥ ልክክ አለች። ይቺን እወስዳለሁ አልኩ።

ቀላሉ ያለቀልኝ እዚህ ጋ ነው።

ኤልሮይ ሁለት ፓኬት ጥይት ፊቴ ደረደረ። የአንደኛው አናቱ የተቦረቦረ ነው፤ ሥጋ ሲያገኝ ይከፈታል። የሁለተኛው ድቡልቡልና ድፍን ነው፤ ሳይከፈት ዘልቆ ይገባል።

«መጽሔቶች የተቦረቦረውን ያወድሱታል» አለኝ። «ለትልቅ ሽጉጥ ልክ ናቸው። ትንሿ ግን ጉልበት የላትም። ቀዳዳው በልብስ ይወተፍና የሚከፈተው አይከፈትም፤ ከተከፈተም ሩቅ ሳይሄድ ይቆማል። እና መጀመሪያ መጠየቅ ያለብሽ ሰውዬው ምን ይለብሳል ብለሽ ነው። ጃንዋሪ ላይ በሸሚዝ የሚመጣብሽ የለም።»

እሱ «ሰውዬው» ሲል ማንንም አላሰበም። ለሁሉም ሰው የሚለው ነው። እኔ ግን መለስኩለት።

«ቡኒ የሸራ ካፖርት። ውስጡ ወፍራም ገበር አለው። ከሥሩ ግራጫ ሹራብ፣ ኮፍያ ያለው። የካፖርቱ ግራ ክርን ተጥፏል፣ በጥቁር ክር።»

ቨርና ማማሰያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ትሬንት፣ ያንን ካፖርት የመረጥኩልህ እኔ ነኝ። ኦክቶበር ላይ ከወህኒው በር ስትወጣ እንዳይበርድህ ብዬ፣ ሸራውን በሁለት ጣቴ እያሸሁ፣ ነፋስ የማይበሳውን ስፈልግ ግማሽ ቀን ዋልኩ። አሁን ደግሞ እሱን የሚበሳውን ልመርጥ ቆሜያለሁ።

ቨርና ቀስ ብላ፣ «ትሬንት ነው?» አለችኝ።

አዎ ለማለት አንገቴን ነቀነቅኩ። ሻርፔ ተንሸራቶ ኖሮ ምልክቱን አየችው። ቢጫ ሆኗል እንጂ አልጠፋም።

ኤልሮይ መነጽሩን አወለቀ። «ያ ልጅ እኮ ከዚህ ጠረጴዛ ላይ ትል ይገዛ ነበር» አለ። «ዓሣ ሊያጠምድበት። አሳዝነውት ግማሾቹን ሜዳ ላይ ይለቃቸው ነበር።» ከዚያ መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። «ማርሊስ፣ አልዋሽሽም። ድፍኑ ካፖርቱን ይበሳዋል። የተቦረቦረው ላይበሳው ይችላል። የቱን ልስጥሽ?»

«ድፍኑን» አልኩ።

በገዛ አፌ ነው ያልኩት። ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። ይህን ከማንም ሳይሆን ከእኔ ስማው፤ ያን ያህል ፈርቼሃለሁ።

ቨርና ወደ መኪናዬ ሸኘችኝ፤ ካፖርት እንኳ አልደረበችም። ለሸሪፉ ለምን አልነገርሽም አለችኝ። ለእማማ የገባሁትን ቃል ነገርኳት። እንደምታዝንልኝ ጠብቄ ነበር፤ ጮኸችብኝ።

«እናትሽ አፈር ሆናለች! አንድ ቀን ያ ልጅ ይመጣል። ወይ አንቺ ትሞቻለሽ፣ ወይ እሱ ይሞታል። ያኔ ቃሉን ማን ሊጠብቀው ነው? እኔ? ኤልሮይ?»

ነፋሱ የመኪናውን በር ከእጄ ሊነጥቀኝ ሲል ገብቼ ዘጋሁት። እማማ «አትስጪብኝ» ስትል አንተ በሕይወት እንድትቆይላት ፈልጋ መሆኑን ያሰብኩት ቤቴ ደርሼ ነው። ወይም እንዲህ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እሷን መጠየቅ አልችልም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ዓርብ ቀን፣ በምሳ ሰዓት ነው። ሲደርስህ ምናልባት ይዘውህ ይሆናል። ትጠላኛለህ፤ ጥላኝ። የጠላኝ ወንድም ይኑረኝ። እሑድ እሑድ ወህኒው ድረስ ልጠይቅህ እመጣለሁ። አላናግራትም ካልክም ሰዓቱ እስኪያልቅ እዚያው ተቀምጬ እመለሳለሁ። መጽሔት ይዤ መግባት ከፈቀዱልኝም አንዳንዱን አነብልሃለሁ፤ ግማሹ የተቀደደም ቢሆን።

ዛሬ ጠዋት ያደረግኩትን እንዳለ እነግርሃለሁ። ሳይነጋ ተነሳሁ። ሽጉጧን ድፍን ድፍኑን አጎርሼ ኪሴ ከተትኳት። የመኪናዬን ሞተር ሲያሞቅ ያደረውን የኤሌክትሪክ ገመድ ነቀልኩ፤ በረዶውን ከመስታወቱ ላይ ፋቅኩ። ፍርድ ቤቱ ጋ ስደርስ መሣሪያ ይዞ መግባት ስለማይቻል ሽጉጧን መኪናው ውስጥ ቆልፌባት ወጣሁ። መስኮቱ ጋ አቤቱታ ለምትቀበለው ሴት ሻርፔን ፈትቼ አንገቴን አሳየኋት። ቀኝ እጄን አንስቼ ማልኩና የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። ያለኸው ጓደኛህ ላሪ ጋ፣ ከጋራዡ በላይ ባለው ክፍል እንደሆነም ነገርኳት። «ምንሽ ነው?» አለችኝ። «ወንድሜ ነው፣ እኔ ነኝ ያሳደግኩት» አልኳት። ሙሉ ስምህን ፊደል በፊደል አስጻፍኳት፤ አንዱን ፊደል ስትስት አረምኳት። ከዚያ ቃሌ ሥር ፈረምኩ።

እህትህ
ማርሊስ