የፓቱላው ሥር አፈር

ይድረስ ለባለቤቴ ለአያልነህ፤

እንዴት ከረምህ ልልህ አፌ አልደፈረም። ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ። እኔ ደህና ነኝ፤ መንደራችን ኮሶዬም ያው ጉሟን ተከናንባለች። የሚያፈሰው ጣራ ተቀይሯል፤ ትልቋ ልጃችን አዘዞ ቤት ተከራይታ ገብታለች። ችግኞችህን ግን ልጨርሳቸው ነበር።

አንተ ሰውዬ፣ ምነው አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለህ ብታስረዳኝ! በየዓመቱ ያን ቢጫ ባልዲ ይዘህ ከአሮጌው የፈረንጅ ጥድ፣ ከፓቱላው ሥር አፈር ትዝቃለህ፤ ከችግኙ አፈር ጋር ትቀላቅላለህ። እኔ ደግሞ ሻጋታ ግቢዬ አታስገባ እያልሁ እጮህብሃለሁ። አንተ ትስቃለህ። ያ ሳቅህ ያናድደኝ ነበር፤ አሁን ናፈቀኝ።

ከመታመምህ በፊት የዘራሃቸውን ጥዶች ከመደብ ወደ ፕላስቲክ ከረጢት ማዛወር ለእኔ ቀረ። ሥራቸው ላይ ነጭ ነገር ባይ በሽታ መስሎኝ አንድ በአንድ በውሃ አጠብሁት። ንጹሕ አፈር ነፍቼም ተከልኋቸው። ባልዲህንማ ለአርባህ ቤት ሳጸዳ ፈትጌ አጥቤ ሰቅየው ነበር። ምን ዋጋ አለው! ችግኞቹ ቢጫ ሆነው ቀሩ፤ ገሚሶቹም ደረቁ። ከእጅህ የቀሩኝ እነሱ ብቻ ነበሩና እንደ አዲስ አለቀስሁህ።

በኋላ ከጎንደር አንዲት የደን ባለሙያ መጣችና ከፓቱላው ሥር አብረን ቆፈርን። ያ ነጭ ነገር እንጉዳይ ነው አለችኝ፤ ሥሩን ይመግበዋል እንጂ አይበላውም። ከአፈሩም እንደ ደቃቅ ድንች ድቡልቡል ያለ ነገር አወጣች። የእንጉዳዩ ፍሬ ነው፤ ፈረንጆች ትራፍል ብለው የሚበሉትም እንዲሁ ከዛፍ ሥር፣ ከመሬት ውስጥ ነው አሉ የሚገኝ። አንተ ግን ይህን ሁሉ ማን ነገረህ?

ባለሙያዋ ከሄደች በኋላ የታመመውን ሥር ከጤነኛው ስለይ ስንት ቀን ተሳሳትሁ መሰለህ። አሁን ግን በጣቴ እለያለሁ። የበሰበሰው ሥር ሲነኩት ቅርፊቱ ይላጣል። ሸጋው ሥር ግን ጫፉ አጠር ብሎ፣ እንደ ባላ ተከፍሎ፣ ነጩን እንደ ጋቢ ለብሶ ጥብቅ ይላል።

ባልዲህን አውርጄ ከፓቱላው ሥር አፈር ዘቅሁ፤ ለተረፉት ችግኞች በየሥራቸው ጨመርሁላቸው። ቀስ በቀስ አሥራ አንዱ አረንጓዴ ሆኑ። አንዱን ባለፈው ሳምንት ከመቃብርህ አጠገብ ተከልሁት።

አልረሳህም ብዬ አልምልልህም፤ መሐላ እንደማልወድ ታውቃለህ። ባልዲህ ከነጭቃው በራችን ላይ ተሰቅሏል። ከእንግዲህ አላጥበውም።