ከቀኝ የሚጀምር ደብተር

ጥቅምት 3፣ ሰኞ
አምስተኛ ክፍል፣ አማርኛ፣ ሁለት ክፍለ ጊዜ። ጠመኔ ዛሬም የለም፤ ከስድስተኛዎቹ ለመንኩ።

አዲሷ ልጅ ዙሌይካ ግራ አጋባችኝ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው ሱዳን፣ ገዳሪፍ፤ ጦርነቱ ሲብስ ቤተሰቡ ወደ አያቶቿ አገር ጎንደር ገባ። አማርኛ ከእናቷ ጉያ የለመደች ናት፣ ስትናገር ታስቀናለች። ሰሌዳው ላይ ያለውን ግን አንድ ቃል አታነብም። እኔ ሳወራ አቀርቅራ ከቀኝ ወደ ግራ ትጽፋለች። በዐረብኛ ምን ትጽፍ ይሆን?

“ዙሌይካ፣ መጫጫርሽን ተይና ስሚ” አልኳት። ክፍሉ ሳቀ።

ጥቅምት 6
ርዕሰ መምህሩ አቶ ምንይችል ጠሩኝ። “ካላነበበች አንደኛ ክፍል ትግባ።”

ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር? አባቷ ቀድሞ ነግሮኛል፦ “ካወረዳችኋት ትቀራለች። እኔም አላስገድዳትም።” እስከ ኅዳር 18 ጊዜ እንዲሰጧት ለመንኩ። ያን ቀን ራሳቸው ሊፈትኗት ተስማሙ።

ጥቅምት 7
ስድስት ሳምንት… በምን ተአምር?

ጥቅምት 14
ደብተሯን ተውሼ ጨርቅ ነጋዴው ጎረቤታችን ሐጂ ኡዘይር ጋ ወሰድኩት። ዐረብኛ ያነባሉ። መነጽራቸውን አድርገው ጀመሩ… ቆም አሉ… ፈገግ አሉ።

“ልጄ፣ ይኸ እኮ ዐረብኛ አይደለም።”

“ምንድን ነው ታዲያ?”

“አማርኛ ነው። ፊደሉ ብቻ ነው የዐረብ። አባቴም እንዲህ ነበር የሚጽፍ።”

አነበቡልኝ። የእኔው ትምህርት፣ ቃል በቃል! ሌላው ልጅ ግማሹን እንኳ አልያዘውም። ከዚያ ገጹ ግርጌ ደረሱ፦ “ዙሌይካ፣ መጫጫርሽን ተይና ስሚ።”

“ይኸን ማነው ያለው?”

“እኔ” አልኩ። ሐጂ ደብተሩን ዘግተው ሰጡኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጥቅምት 17
“ምነው ሳትነግሪኝ?” አልኳት።

“አልጠየቁኝማ፣ ቲቸር።”

ከምሳ በኋላ አብረን መቀመጥ ጀመርን። ከደብተሯ ታነብልኛለች፣ እኔ በእኛ ፊደል እጽፋለሁ፣ ከዚያ እሷ ትገለብጣለች። እኔም በተራዬ አሊፍ፣ ባ… እጄ ከቀኝ አልጀምርም ብሎ አስቸገረኝ። በሳቅ ፈረሰች።

ኅዳር 3
ዛሬ በራሷ አጻጻፍ “ጨው” ብላ ስትጽፍ አየሁ። ዐረብኛ ውስጥ “ጨ” የለም፤ አንዱ ፊደል ላይ ነጥብ ጨምራለች።

“ማን አሳየሽ?”

“ማንም። ሲያቅተኝ ሠራሁት።”

ይህችን ነው እንግዲህ አንደኛ ክፍል የምናወርዳት።

ኅዳር 18
አቶ ምንይችል ቃል ጽሕፈት ሰጧት፣ አሥር ዓረፍተ ነገር። “መጀመሪያ በራሴ ልጻፈው?” ብላ ጠየቀች። ግራ ገባቸው፤ ግን ፈቀዱ። አሥሩንም እሳቸው በተናገሩበት ፍጥነት ከቀኝ ወደ ግራ አወረደችው። ቀጥላ ሌላ ወረቀት ሳበችና ወደ እኛ ፊደል መመለስ ያዘች። ሰዓታቸውን ያዩ ነበር፤ በኋላ ማየቱን ተዉት። ሰባቱ ምንም ስሕተት የለባቸውም።

“ይኸን ዘዴ ማን አስተማራት?”

“እኔ አይደለሁም።”

አምስተኛ ክፍል ትቆያለች። ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ።

ኅዳር 19
ደስታው አላደረም። ዐዚዛ ትዝ አለችኝ። አምና በመተማ በኩል ከሱዳን የመጣች፣ ዝምተኛ፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። “ምንም አትችልም” ብዬ ከአምስተኛ ወደ አንደኛ ክፍል እንድትወርድ ያደረግኳት እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ አልተማረችም፤ በዚያው ቀረች። እሷም ትጽፍ ነበር እኮ… ከየት ወደ የት? አላየሁም።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ
ዐዚዛን ፍለጋ ከጎንደር ወጣ ብሎ ፀዳ ሄድኩ። ጠይቄ ጠይቄ አክስቷ ቤት አገኘኋት፣ ልብስ ስታጥብ። አድጋለች። ስታየኝ ደነገጠች፤ እኔ ከእሷ የበለጠ።

“ያኔ የምትጽፊበት ደብተር አለሽ?”

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ገባች። ይዛው ወጣች፤ አልጣለችውም። መጨረሻው ገጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ አለ፣ ከቀኝ የሚጀምር። ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ለማንበብ ስታገል ቆማ ጠበቀችኝ። እኔ እሷን እንዲህ አልጠበቅኳትም።

“ነገ የአማርኛ ፈተና አለ” ይላል።

ያወረድኳት በፈተናው ዕለት ጠዋት ነው።

“ሰኞ ነይ” አልኳት።

“ስንተኛ ክፍል?”

“አምስተኛ።”

አቶ ምንይችልን ገና አልጠየቅኩም።