በጋሽ ዓሊዩ ግራር ውስጥ ያለችው ወፍ

መጋቢት 7 ቀን 2005፣ ቅዳሜ

ልብስ ማጠብ ጀመርኩ፣ ውኃ ሄደ። ግማሹ ሳሙና እንደነካው ቀረ። ተናድጄ በሩን ቆለፍኩና ከጭሮ ሚኤሶ ወረድኩ።

አባዱላው እንደ ሁልጊዜው ጭንቅንቅ። ቁልቁለቱ ላይ የጫት አይሱዙ ጥሩንባውን እየነፋ ሲያልፈን ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ሩቁን የሚያቀርብልኝን ባይኖኩላር በነጠላዬ ጠቅልዬ ታቅፌዋለሁ። የአጎቴ ነበር። አዋሽ ፓርክ ሹፌር ሆኖ ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ ሽፋን ከሌለው የወፍ መጽሐፍ ጋር ለእኔ ሰጠኝ። አመሉንም አብሮ ሰጠኝ መሰለኝ።

አየኋት! በመጨረሻ አየኋት! ከደረቁ ወንዝ ዳር ካለው የግራር ጥሻ ሥር ዱብ ዱብ እያለች ወጣች። ቡናማ፣ ተራ ወፍ... ከዚያ ጭራዋን ከፍ አደረገች። ቀይ! የሸክላ ቀለም! ወዲያው እልም። መጽሐፉ ናይቲንጌል ይላታል፣ እኔ ጭራ ቀይ ብያታለሁ። የፈረንጅ አገር ብርድ ሸሽታ እኛ ዘንድ ከርማ አሁን ባሕር ተሻግራ ልትመለስ ስንቋን እየቋጠረች ነው። ሦስት ዓመት ፈልጌያት ዛሬ!

መጋቢት 8፣ እሑድ

ቀኑን ሙሉ ከመጽሐፉ ጋር። ልትሄድ ስትል ባሉት ሳምንታት ጥሻ ውስጥ ተደብቃ ትዘምራለች ይላል። አጎቴ አንድ ጊዜ ሰምቷታል። "እሷን ከሰማሽ በኋላ ሬዲዮ አትከፍቺም" ይል ነበር። እሱ እንኳ ማጋነን ይወዳል... ግን ብሰማትስ? ሚያዝያ አጋማሽ ላይ የለችም። ያሉኝ ጥቂት ቅዳሜዎች ናቸው። ዘንድሮ ሳልሰማት አትሄድም!

መጋቢት 12፣ ሐሙስ

ጤና ጣቢያው ላብራቶሪ ውስጥ ስላይድ ላይ አቀርቅሬ ሳለ ፌኔት መጣች። ነርስ ናት፣ የጭሮ ልጅ፣ እዚህ አገር ያለችኝ ጓደኛ እሷ ብቻ።

"ዓለሜ፣ ማነው የሚኤሶው ሰውዬ?"

"የምን ሰውዬ?"

"ቅዳሜ ሲደርስ ፊትሽ ይበራል፤ ሰኞ ፀሐይ አቃጥሎሽ ትመጫለሽ።"

ምን ልበላት? ወፍ? ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ሴት፣ ከደብረ ብርሃን ድረስ ተመድቤ የመጣሁ ባለሙያ፣ ወፍ ለማየት ጥሻ ለጥሻ እዞራለሁ ልበላት? አቶ ተሻለ ቢሰሙስ? ኃላፊያችን ናቸው፣ ቀልድ ብሎ ነገር አያውቁም። "ዘመድ አለኝ" አልኳት።

"ዘመድ ነው አሁን ስሙ?" ብላ በሳቅ ፈረሰች። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ።

መጋቢት 14፣ ቅዳሜ

አልዘመረችም። ከጥሻው ውስጥ "ክርርር" ብቻ፣ ልክ እንደ እንቁራሪት። ግን አለች! አለች!

ከመንገዱ በታች ቀያሾች ቀይ ቀለም የተቀቡ ችካሎች ተክለዋል። አዲሱ ሐዲድ የት የት እንደሚያልፍ እየለኩ ነው አሉ። አላፊ አግዳሚው ችካሉን እንደ እባብ እየዞረው ነው የሚያልፈው።

የጥሻው ባለቤት ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ። ጋሽ ዓሊዩ ይባላሉ። ሰላምታው በኦሮምኛ፣ ጥያቄው በአማርኛ። "ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?" ባይኖኩላሩ ዓይኔ ላይ ነበር። ደነገጥኩ፣ አፈርኩም። "ሥራ ነው" አልኳቸው።

"የመንግሥት?"

"አዎ፣ የመንግሥት።"

ውሸት አይደለማ! የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ተገላገልኩ።

መጋቢት 21፣ ቅዳሜ

ዛሬ የወፍ ገበያ ነበር! ሁሉም መንገደኛ፣ ሁሉም ወደ ሰሜን። ስትበር ከጀርባዋ ነጭ ብልጭ የምትል አለች፤ አውራ ጣት የማያህሉ ቢጫ ቢጫዎች ቅጠል ለቅጠል ይንጫጫሉ። አንዱ ዓይኑን የተኳለ ደግሞ ፌንጣ ይዞ እሾህ ላይ ሰካና ቁርሱን አስቀምጦ ሄደ! ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ጭራ ቀይ ግን ዝም።

ሰዉ ምን እንደነካው አላውቅም፣ ደግ ሆኖብኛል። በርጩማ አመጡልኝ። የጋሽ ዓሊዩ ባለቤት ረዲያ የግመል ወተት በጣሳ ሰጠችኝ፤ "ጠጪ፣ ፀሐይ ነው" አለች። ጋሽ ዓሊዩ ቆመው ጠበቁኝና "እና... በየት በኩል ነው የሚሻለው? ወንዙ ማዶ ነው ወይስ እዚህ?" አሉ።

ደስ አለኝ! ለካ ገብቷቸዋል፣ ስለ ወፎቹ እየጠየቁኝ ነው! "ኧረ እዚህ ነው!" አልኩ፤ "ከሁሉም ይኼ የእርስዎ ጥሻ ነው የሚሻለው!" በእጄ ከዳር እስከ ዳር አሳየኋቸው። ፊታቸው ጠቆር አለ። ፀሐዩ መሰለኝ።

መጋቢት 28፣ ቅዳሜ

መጥረቢያ። ከሩቅ ነው የሰማሁት። ሮጥኩ። በወንዙ በኩል ያሉት ግራሮች ወድቀዋል። ጋሽ ዓሊዩ በላብ ተጠምቀው ይቆርጣሉ፣ ረዲያ እሾሁን በመንሽ ትጎትታለች።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?!" ጮህኩ መሰለኝ።

"ባዶ መሬት ነው ብላችሁ እንዳትወስዱብን" አለች ረዲያ፤ "መንጥረን ማሽላ እንዘራበታለን። አንቺ ራስሽ እዚህ ነው የሚሻለው አላልሽም?"

በርጩማው... ወተቱ... ለካ የሐዲዱ ቀያሽ ነሽ ብለውኛል!

"ቀያሽ አይደለሁም! ከጭሮ የመጣሁ የጤና ባለሙያ ነኝ! እዚህ የማየው... ወፍ ነው።"

ጋሽ ዓሊዩ መጥረቢያቸውን አቁመው አዩኝ። "ወፍ? ወፍ ለማየት ከጭሮ ድረስ? በዚህ ፀሐይ?" ከዚያ በቀስታ፣ "ልጄ፣ እኛ ሽማግሌ ነን እንጂ ሕፃን አይደለንም።" መልሰው መቁረጥ ጀመሩ።

አባዱላ ውስጥ አለቀስኩ። "ወፍ ነው" ማለት እንዲህ ከባድ ነበር? በአፌ ነው ጥሻውን ያስቆረጥኩት። ሰኞ ሁሉንም ይጨርሱታል። እሷስ የት ትገባለች?

መጋቢት 29፣ እሑድ

ፌኔትን ከቸርቿ ደጃፍ ጠበቅኳት። እዚያው ቆሜ ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ ወፏን፣ አጎቴን፣ ውሸቴን። እስክታነባ ሳቀች። "ሰውዬው ወፍ ነው?! እኔ እኮ ለሠርግሽ ቀሚስ እያሰብኩ ነው!" ሳቋ ሲያልቅ "ተነሽ፣ እንሂድ" አለች። ምሳ እንኳ አልበላችም።

ጋሽ ዓሊዩ ጋ ተቀመጥን። ፌኔት በኦሮምኛ አስረዳች፣ ረዘም አድርጋ። "ሲምቢራ" የምትለዋ ብቻ ናት የምትገባኝ፣ ወፍ ማለት ናት። እሳቸው አላመኑም። መጽሐፉን ከፍቼ ሥዕሉን አሳየኋቸው። ባይኖኩላሩን አንገታቸው ላይ አጠለቅኩላቸው። ወደ ጥሻው ያዙሩ ብላቸው ወደ ውኃ ጉድጓዱ አዞሩት፤ ብድግ አሉ። "ወላሂ፣ ረዲያ አፍንጫዬ ሥር መጣች!" ረዲያ ከወዲያ ማዶ ውኃ እየቀዳች ነው። በቃ፣ ከዚያ ማን ያስለቅቃቸው! ፍየላቸውን አዩ፣ የጎረቤት ጣሪያ አዩ፣ በመጨረሻ ግራሩ ላይ አንዲት ቢጫ ወፍ አገኙና ትንፋሻቸውን ዋጡ። "እውነትም ወፍ ነው የምታየው" አሉ ለራሳቸው።

ግን መጥረቢያውን አላስቀመጡም። "አንቺ ባትሆኚ ሌላው ይመጣል። ጥሻ ካየ ባዶ ነው ይላል።" እውነታቸውን ነው። ማሽላቸው ልጆቻቸውን ነው የሚያበላው።

ነገሩን የፈታችው ረዲያ ናት። እንስራዋን አውርዳ ቆማ ስትሰማ ቆየችና፣ "መሰላ ወረዳ ያለው ወንድሜ የንብ ቀፎ ይሠራል አይደል? እንስቀልበታ!" አለች። እዚህ አገር ቀፎ የተሰቀለበትን ዛፍ እረኛ እንኳ ቅርንጫፉን አይነካም፤ ባለቤት አለው፣ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ፌኔት "ቀያሾቹስ?" አለቻት።

"ንብ እየነደፈው ችካል የሚተክል ወንድ ካለ አያለሁ!"

ጋሽ ዓሊዩ መጥረቢያውን ለረዲያ አቀበሏት፣ ቤት አስገባችው። ፌኔት ስልክ ቁጥሬን ሰጠቻቸው፣ ወፏ ድምፅ ካሰማች እንዲደውሉ። አቀፍኳት። የምወዳት ልጅ!

ሚያዝያ 5፣ ቅዳሜ

ቀፎዎቹ ተሰቅለዋል። የተቆረጠው እሾህ ዙሪያውን አጥር ሆኗል። በጣም ያምራል!

ወፏ ግን የለችም። ቀኑን ሙሉ ተቀመጥኩ። "ክርርር" እንኳ የለ። ጋሽ ዓሊዩ አጠገቤ ተቀምጠው አብረውኝ ጠበቁ። ሄዳለች መሰለኝ። መጥረቢያው አስደንግጧት ይሆን? እሳቸውም ያንኑ አስበዋል፤ ስሄድ ቀና ብለው አላዩኝም።

ሚያዝያ 7፣ ሰኞ

ዛሬ ይቺን ሳልጽፍ አልተኛም።

ጠዋት፣ የታካሚው ሰልፍ እስከ በሩ ድረስ፣ ጓንት አድርጌ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ዓሊዩ! ሚስኮል እንጂ ደውለው አያውቁም። "አንቺ ልጅ! ስሚ! ስሚ!" ከዚያ ኮሽታ፣ የእሾህ ድምፅ፣ ትንፋሻቸው... ከዚያ ዝም።

ከዚያ እሷ። መጀመሪያ አንድ ረጅም ቀጭን ፉጨት፣ ደግማ፣ ከፍ እያለች። ከዚያ ፍንድት! የውኃ ጠብታ፣ የምላስ ጠቅታ፣ ሳቅ፣ ሁሉም ካንድ ጉሮሮ። ከሚኤሶ ጥሻ፣ በሽማግሌ እጅ ላይ ባለ ስልክ። ለራሴ ብቻ መስማት አቃተኝ፣ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግኩት። ናሙና የያዙት እናቶች መስኮቱ ላይ ተደገፉ። ትኩሳት ያንዘፈዘፈው አንድ ጎረምሳ ዓይኑን ጨፈነ። ፌኔት መርፌዋን ይዛ ሮጣ መጣችና አፏን በእጇ ያዘች።

አቶ ተሻለ በሩ ላይ። "ምንድነው ይኼ?"

"ወፍ ናት!" አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ሰው ሁሉ ፊት። "በየሳምንቱ ሚኤሶ የምወርደው ለእሷ ነው። ልትሄድ ነው፣ እየተሰናበተች ነው።"

ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ።

መሃል ላይ ጢጥ ጢጥ አለና ተቋረጠ። የጋሽ ዓሊዩ ካርድ አለቀ። ማንም ከመስኮቱ አልተነሳም። እኔም ጓንቴን እንዳደረግኩ ቀረሁ።

"ምን ትጠብቂያለሽ?" አሉኝ አቶ ተሻለ፤ "መልሰሽ ደውይላቸው እንጂ!"