ለሥሩ የሚተው ስንዝር

ሐምሌ 21 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ አረካ

ደክሞኛል። ዛሬ ጉኑኖ ሄደን ለከብት መኖ የሚተከለውን የዝሆኔ ሣር አስተጫጨድ ለገበሬዎች አሳየን። ግማሹን መደብ ከመሬት እኩል፣ ግማሹን ስንዝር አስተርፈን አጨድን። ክምሮቹን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ፣ እንደፈራሁት ከመሬት እኩል የታጨደው በለጠ። ለአለቃዬ፣ ሰው የምንጠራው በሦስተኛው አጨዳ ይሁን ብዬው ነበር። ያን ጊዜ ዝቅ ተብሎ የታጨደው ይገረጣል፤ ስንዝር የተተወለት ግን ቶሎ ያቆጠቁጣል። «እንግዶቹ የሚመጡት ዛሬ ነው» አለኝ፤ አለቀ።

ወይዘሮ አማረች የሚባሉ ገበሬ ትልቁን ክምር ዳበስ አድርገው፣ «ልጄ፣ ያንን ስንዝር ለማን ነው የምትተወው?» አሉኝ።

«ለሥሩ ነው እማማ። ትንሽ ታግሠው ቢያዩት...»

«እኔስ እታገሣለሁ። ላሜ ናት እንጂ እምቢ የምትለው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን የሰማኝ ያለ አይመስለኝም።

አመሻሽ ላይ ቤት ስደርስ ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ላማችን ከወለደች ወዲህ አትጠግብም። «ከቀትር ጀምሮ እየጮኸች ነው፤ የምሰጣት አጣሁ» አለችኝ። የጓሮዬን የዝሆኔ ሣር ያጨድኩት በቅርቡ ነው፤ ገና ጉልበቴ ጋ እንኳ አልደረሰም። ሌላ ወር መቆየት ነበረበት።

ማጭዱን አነሳሁ። መጀመሪያ ስንዝር እያስተረፍኩ አጨድኩ። ሰብስቤ ስይዘው የላሟን አፍ እንኳ የሚሞላ አይደለም። እንደገና ጮኸች።

ተመልሼ ጎንበስ አልኩና፣ የተውኩትንም ስንዝር አጨድኩት።