እብጠቱ እስኪዳሰስ ለሚጠብቀው ኮሚቴ

ለተከበሩ ዶክተር ፌሌቲ፣
የደሴታችን ሆስፒታል ዳይሬክተርና የውጭ ሕክምና ኮሚቴ ሰብሳቢ

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ቤተሰብዎም የሐኪም ወረፋ የማያውቅ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ካቻምና ተመርቄ ወደ ቶንጋ የተመለስኩት፣ የጡት ራጅ የማነሳዋ ሜሌሲኒ ነኝ። የምጽፈው አክስቴ ቶኪሉፔ "በስሜ ጻፊ" ብላ ስለፈቀደችልኝ፣ ስለ እሷም ላመሰግንዎ ነው።

አንደኛ፣ አምና ባነሳኋት ራጅ ላይ፣ በግራ ጡቷ ውስጥ እንደ ደቃቅ ጨው የተበተኑ፣ ቅርንጫፍ እየሠሩ የሚሄዱ ነጫጭ ፍንጣቂዎችን ባሳየሁዎ ጊዜ፣ "የማይዳሰስ በሽታ ደግሞ ምን የሚሉት ነው? ትምህርቱ ገና ትኩስ ሆኖብሽ ነው፣ ልጄ" ብለው ስላጽናኑኝ አመሰግናለሁ። ጣት ከማሽን እንደሚበልጥ ማንም አላስተማረኝም ነበር።

ሁለተኛ፣ በእኔ ውትወታ በመርፌ የተወሰደው ናሙና ባሕር ማዶ ኦክላንድ ተመርምሮ፣ የካንሰር ሕዋሳቱ ገና በወተት ቧንቧው ውስጥ እንዳሉ፣ ግድግዳውን እንዳልጣሱ ሲነገረን፣ እኔ ሞኟ አሁን ከተቆረጠ ትድናለች ብዬ ዘለልኩ። ኮሚቴዎ ግን በጥበቡ፣ ለቀዶ ሕክምና ባሕር የሚሻገር ሰው ቀርቦ ሕመሙን በአንደበቱ ያስረዳ አለ።

ሦስተኛውን ባልጽፈው ደስ ባለኝ። አክስቴ፣ በአገራችን ልማድ በትልልቅ ሰዎች ፊት የሚታጠቀውን የክብር ሰሌኗን ወገቧ ላይ ታጥቃ ቀረበች። ከሦስቱ አባላት አንዱ የአጎቷ ልጅ አቶ ሳማኒ ናቸው፤ በእኛ ዘንድ ወንድሟ ማለት ነው፤ ወንድም ባለበት ደግሞ ጡት የሚባል ነገር አይነሳም። እሷ አቀርቅራ ዝም አለች፤ እሳቸውም እንደ ጨዋ ሰው ተነስተው ወጡ። እርስዎ "አባል ጎድሏል፣ ታማሚዋም ቅሬታ የላትም፤ እብጠት ሲኖር ትመለስ" ብለው ጉዳዩን ዘጉት። በር ላይ "ምነው አክስቴ፣ አንድ ቃል እንኳ?" ብላት፣ "አንቺ ደግሞ! ወንድሜን በሰው ፊት ላዋርደው?" ብላ ተቆጣችኝ። እርስዎም ያደጉት እዚሁ ነውና፣ ይህን አያውቁም ብዬ አልጠረጥርዎትም።

ክቡርነትዎ፣ ከዚህ በኋላ ቁጥሩም ጠፋኝ። እሷን ተክቼ እኔ ልናገር፤ ቢፈልጉ ተንበርክኬ። ያ ስስ ግድግዳ እስከ መቼ እንደሚችል አላውቅም፤ እርስዎም አያውቁም።

በሌላ ሰው ገላ ላይ የሚያሳዩትን ታላቅ ትዕግሥት ዕለት ዕለት የምታደንቅ፣
ታዛዥዎ ሜሌሲኒ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ሳልልከው አክስቴ እየሮጠች መጣች። እጄን ይዛ ጡቷ ላይ አኖረችና፣ "ይኸው ሜሌሲኒ፣ አገኘሁት! አሁንስ ይቀበሉኛል አይደል?" አለችኝ፤ ደስታዋን ቢያዩት! ጣቴም አልሳተውም። እንኳን ደስ አለዎት፣ ዶክተር፤ መመሪያዎን አሟልታለች።